የአንድ እጅ ሐልዋ

ሽማግሌው ሐልዋ ሠሪ ምዜ ፋማው እጅ መጨበጥ ያቆሙ ሰሞን ከተማችን ሰላም አጣች። በላሙ ደሴት እጁን ያልሰጠህ ሰው ወይ ተጣልቶሃል፣ ወይ ሊሰርቅህ ነው፣ ወይ ሰርቆሃል። እሳቸው ግን መስጊድ በር ላይ ሰው እጁን ሲዘረጋላቸው ቀኝ መዳፋቸውን ቶሎ ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ «ሰላም፣ ሰላም» እያሉ እንደ ሸርጣን በጎን ሹልክ ማለት ጀመሩ።

«ኮሩ» አለ ቡኑ። ቡኑ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከሱቁ በር ላይ ካለችው የድንጋይ አግዳሚ ሳይነሳ የከተማውን ጉዳይ ሁሉ ያውቃል። የማያውቀውንም ቀድሞ ይናገረዋል።

«ሐልዋ ሠሪ በምን ይኮራል?» አልኩት።

«በስኳር ነዋ! አንተስ አህያ ነጂ ሆነህ ትኮራ የለ?»

«የእኔ አህያ እኮ ሌላ ናት። ባለፈው ክረምት ባህሩን ዋኝታ ከማዶ ጨው አምጥታለች፤ ጨዉ ጫፉ እንኳ አልረጠበም።»

«እሱን ለማያውቅህ ንገረው፣ ሼኩዌ። ይልቅ በየጠዋቱ እንጨት የምታደርስላቸው አንተ ነህ። እጃቸው ላይ ምን አለ? ቁስል ነው? ቀለበት ነው? ወይስ የማይነካ ነገር ነክተው ነው?»

እኔ ምን አውቃለሁ? ግን ጥርጣሬ እንደ ቁንጫ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው ሲዘል አይታይም፣ ከገባ በኋላ ነው የሚያሳክክህ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔንም ያሳክከኝ ጀመር።

ነገሩ የዋዛ አልነበረም። ምዜ ፋማው የሰርግ ሐልዋ የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ የሰርግ ሐልዋ ደግሞ እንደ ገበያው ሐልዋ አይደለም። ስኳሩ ቀልጦ የካሳቫው ዱቄት ከገባበት ጊዜ አንስቶ፣ ቅቤው ተንተክትኮ ሐልዋው ከመዳቡ ሰታቴ እስኪላቀቅ ድረስ፣ የሚያማስለው የአንድ ሰው አንድ እጅ ብቻ ነው። ማማሰያው እጅ ከቀየረ ትዳሩም እጅ ይቀይራል ይባላል። የራስን ቀኝ በራስ ግራ መተካት እንኳ ነውር ነው። አንድ ጊዜ ሼላ መንደር ውስጥ አንድ አማሳይ ሊያስነጥስ ብሎ ማማሰያውን ለጎረቤቱ ቢያስይዝ፣ ሙሽሪት ሐልዋውን አኝካ ሳትጨርስ ከዚያው ጎረቤት ጋር በጀልባ ጠፋች። ይህን ሰው ነግሮኝ አይደለም፤ ጀልባው ላይ ነበርኩ።

እና አሁን የቢቢ ሩካያ የልጅ ልጅ ልትዳር ነው። ቢቢ ሩካያ ያላመኑትን ሐልዋ ደሴቲቱ አትቀምስም። እሳቸው አንድ ጊዜ አፋቸውን ጠመም ካደረጉ የምዜ ፋማው ሰታቴ ለዘላለሙ ቀዘቀዘ ማለት ነው፤ ሰውየው ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከማማሰል ሌላ ሥራ ይዘው አያውቁም። ሐልዋ ቤቱ ከሌለ እሳቸውም የሉም።

በሩስ? በሩ ድሮ ወለል ብሎ ነበር የሚውለው። ሰው እያለፈ ሽታውን ይቀምሳል፣ ሽታው ጣቱን ይዞ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። አሁን ማማሰል ሲጀመር ይዘጋል። እንጨቴን ደጃፍ ላይ አራግፌ ቆም እላለሁ፤ አዳምጣለሁ። የምዜ ፋማውን ማማሰያ ድምፅ ተኝቼም አውቀዋለሁ። እንደ ቀዛፊ ነው፦ ከባድ፣ ረጅም፣ ሰታቴውን ዞሮ እየጎተተ የሚመለስ። ከበሩ ጀርባ የምሰማው ግን አጭር አጭር፣ ፈጠን ፈጠን ያለ፣ የሌላ ሰው ድምፅ ነው።

ወደ አግዳሚው ሄጄ የሰማሁትን አልኩ። ከዚያ ወሬው እግር አወጣ። አንዱ ሞተር ገጥመዋል አለ። ሌላው ከዛንዚባር ሰው አስመጥተው ምድር ቤት አስቀምጠዋል አለ። እኔም ዝም ብዬ መቀመጥ ከበደኝ፣ «ጂኒ ቀጥረው ቢሆንስ? ጂኒ ላብ የለውም፣ ሐልዋው ውስጥ አያንጠባጥብም» አልኩ። ለጨዋታ ነው ያልኩት። ጀምበር ሳትጠልቅ ጂኒው ስም፣ ቁመትና የፔምባ ዘመዶች ነበሩት።

በነጋታው ቢቢ ሩካያ አስጠሩኝ። ጥቁር ቡይቡያቸውን ተከናንበው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ አይናቸው ብቻ ነው የሚሠራው።

«ሼኩዌ፣ ና እዚህ። አፍህን ዝጋና ጆሮህን ክፈት።»

«እሺ ቢቢ።»

«ጂኒ ቀጥሯል ያልከው አንተ ነህ?»

«ኧረ ጂኒ ነው አላልኩም፣ ቢቢ። ጂኒ ከሆነ አልኩ እንጂ።»

«ተወው። ጂኒ ምን ያደርገኛል? እኔን የሚያስፈራኝ የሰው እጅ ነው። እዚያ በር ጀርባ ማን እንደሚያማስል በዓይንህ አይተህ ትነግረኛለህ። በዓይንህ! በምላስህ አይደለም ያልኩህ።»

«ቢቢ፣ እኔ እንጨት አድራሽ ነኝ፣ ሰላይ—»

«አህያህ የምታድረው የማን ግቢ ነው?»

«የእርስዎ።»

«እንግዲያው ሂድ።»

ሄድኩ። የእኛ አገር ቤት ወፍራም የኮራል ድንጋይ ነው፤ ወደ መንገድ መስኮት የለውም። ሐልዋ ቤቱ ግን በጓሮ በኩል፣ ከጣሪያው ስር፣ ለጭስ የተተወች ቀዳዳ አለችው። አህያዬን ግድግዳው ስር አቆምኩና ጀርባዋ ላይ ወጥቼ፣ በሁለት እጄ የቀዳዳዋን ከንፈር ይዤ ጭንቅላቴን አስገባሁ።

ያየሁትን እንዳየሁት ልንገራችሁ። ምዜ ፋማው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቀኝ ክንዳቸው ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፣ እጃቸው ከጠርዙ ወጥቶ አይበሉባው ወደ ላይ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ከክርናቸው ዝቅ ብሎ ጥቁር ነገር ጥብቅ ብሎ ታስሯል። በእጃቸው አሸዋ የሞላው ጠርሙስ ይዘዋል። ጠርሙሱን በግራቸው ይደግፉና ወደ ላይ ያነሱታል፤ ከዚያ ግራቸውን ለቀው በቀኛቸው ብቻ ቀስ፣ ቀስ፣ ቀስ አድርገው ያወርዱታል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እንደገና ያነሳሉ፤ እንደገና ቀስ። ሰው ክንዱ ላይ ክታብ አስሮ፣ ከማን መቃብር እንደተዛቀ የማይታወቅ አሸዋ ይዞ፣ በሹክሹክታ እያነበነበ ሲያወርድ ካየህ ሌላ ምን ትላለህ?

አህያዬም የታያት ነገር ነበር መሰለኝ፣ ከእግሬ ስር ሄደች። እንደ ተሰቀለ ዓሣ ቀዳዳዋ ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ።

«ሼኩዌ!» አለ ድምፅ ከታች፣ ከጓሮው። ቲማ ናት። ቲማ የምዜ ፋማው ሚስት ናት፣ ለእኔ ደግሞ የአክስቴ ልጅ። «ወደ ውስጥ ነህ ወይስ ወደ ውጪ?»

«ጭስ ማውጫው ተዘግቶ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።»

«አሁን ነው የተዘጋው። ውረድ!»

ወረድኩ ማለት ይከብዳል፤ ወደቅሁ። በጆሮዬ ጎትታ አስገባችኝ። ያን ጊዜ ነው ሰታቴው አጠገብ የቆመውን ማማሰያ ያየሁት። እጀታው እርጥብ ነው። የቲማ ሻሽ ደግሞ በላብ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። አጭር አጭር፣ ፈጠን ፈጠን ያለው ድምፅ የማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

«አየህ!» አሉ ምዜ ፋማው ጠርሙሱን እያስቀመጡ። «አየ፣ ቲማ! አለቀልን። ይሄ ሰው መንገድ ሳይሻገር ነው የሚናገረው።»

«መንገድ አይደለም፣ በር ሳይሻገር» አለች ቲማ። «ግን ሙሉውን ካልነገርነው ግማሹን ራሱ ይሞላዋል። የእሱን ሙሌት ደግሞ አውቀዋለሁ።»

ስለዚህ ነገሩኝ። ነገሩ የጀመረው ከሐጅ በኋላ ባለው የሰርግ ወር ነው። ሌላው የሰርግ ሐልዋ ሠሪ ወደ ሞምባሳ ሄዶ ስለነበር የከተማው ሰርግ ሁሉ በእሳቸው ላይ ተከመረ። ያን ሰሞን አሮጌው ማማሰያ ተሰበረና አዲስ ከባህር ጠረፍ ዛፍ አስጠረቡ፤ ከባድ ነው፣ እጀታውም ወፍራም ነው፣ መዳፍ አይዘጋበትም። አንድ ጠዋት ሻይ ሊጠጡ ስኒ ቢያነሱ፣ ከክርናቸው በውጭ በኩል ጉብ ያለችው አጥንት ላይ አንድ ነገር ነከሳቸው። ስኒው ወደቀ። ከዚያ ቁልፍ ማዞር አቃታቸው። ከዚያ ጨርቅ መጭመቅ። ሰው እጃቸውን ጨብጦ ሲወዘውዝማ እሳቱ እስከ ጣታቸው ይወርዳል።

«መጀመሪያ ቡኑን ጠረጠርኩ» አሉ። «ዓይኑ ጥሩ አይደለም። ቀጥሎ ማማሰያውን የጠረበውን ሰው ጠረጠርኩ። ዋግምት ታገምኩ፤ ጀርባዬ ቀለለኝ፣ ክርኔ ግን እዚያው። ከዚያ አንዱ መድኃኒት ሻጭ መርፌ ወጋኝ፣ ክርኔ ውስጥ! በሦስተኛው ቀን ተአምር ነው አልኩ፤ ሕመሙ ጨርሶ አልተሰማኝም። ያመለጠኝን ላካክስ ብዬ እንደ እብድ አማሰልኩ። ወር ሳይሞላ ተመልሶ መጣ፣ ያውም ወንድሞቹን ይዞ።»

«እና ጠርሙሱ?»

«ጠርሙሱማ የዚያች የካድዞ ነው።»

ካድዞ ከማሊንዲ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ጤና ጣቢያው የምትመጣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ ወጣት ናት። «ጠርሙስ አንሱ የምትል ሐኪም!» አሉ ምዜ ፋማው። «ጠርሙስ ለማንሳት ጠጪ እንጂ ሐኪም ያስፈልጋል? ባታድነኝስ? ቀስ ብላ ልታሽመደምደኝ ተልካ ቢሆንስ?»

«ሁሉን ይጠረጥራል» አለችኝ ቲማ። «ትናንት እኔን ጠረጠረኝ።»

«ሐልዋው ውስጥ ገውዝ ጨምረሻል! ሳልጠይቅሽ! ዛሬ ገውዝ፣ ነገ ሱቁን።»

«ሰው ወዶ በላው አይደል?»

«እሱ ነው ያጠራጠረኝ!»

ካድዞ በዚያው ሳምንት ቤታቸው መጣች፤ እኔ እንጨት እያወረድኩ ነበርና ማውረዱን አዘገየሁት። ምዜ ፋማውን አስቀምጣ ክንዳቸውን ዘረጋችና መሃል ጣታቸውን በጣቷ ተጭና፣ «ወደ ላይ ይግፉኝ» አለች። ሲገፉ ፊታቸው ሎሚ የመጠጠ ሕፃን መሰለ። ከዚያ ያቺን አጥንት ነካ አደረገች፤ ሰውየው ከወንበሩ ተነስተው ተቀመጡ።

«አይበሉባዎን ወደ ላይ የሚያነሱት ጡንቻዎች ሁሉ በአንድ ጅማት ተጠቃለው እዚህች አጥንት ላይ ነው የሚታሰሩት» አለች። «ጎታቹ ብዙ ነው፣ ገመዱ አንድ። የመርከብ ገመድ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲፋተግ ምን ይሆናል?»

«ይላላል። ክሩ ይወጣል።»

«እንደዚያ ነው። ሰውነት ሊጠግነው ይሞክራል፤ እርስዎ ግን ሳይጠገን በነጋታው ይመለሱበታል። ያውም በከባድ እንጨት፣ ያውም ጨብጠው፣ ያውም አንጓዎን ቆልምመው።»

«ታዲያ ጨርሼ ልተወው?»

«ገመድ ተጠቅልሎ ቢቀመጥም እኮ ይበሰብሳል። ጅማቱ በልኩ መሥራት አለበት። ጠርሙሱን ቀስ ብለው ሲያወርዱ የሚጠነክረው እሱ ነው። ማሰሪያው ደግሞ ጉተታውን ይቀንስለታል፤ አያድንም፣ ያግዛል። የማማሰያውን እጀታ ያስቀንሱት፣ ለመዳፍዎ ይሁን። ወራት ይፈጃል።»

«ወራት?» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ሐኪም ወራት ካለ አላወቀውም ማለት ነው።»

«በቀናት ያዳንዎት መርፌ ወጊው ነበር» አለች ካድዞ ቦርሳዋን እየዘጋች።

ምዜ ፋማው ክርናቸውን ዳሰሱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ትልቁን ጥያቄ ጠየቁ፦ የቢቢ ሩካያ የልጅ ልጅ ሰርግ ቀርቧል፣ አንድ ሰታቴ ብቻ ማማሰል ይችላሉ?

«ቀጭን ሳለ ያማስሉ። መወፈር ሲጀምር ለሌላ ሰው ይስጡ። ካልሆነም ቀኝና ግራ እያፈራረቁ—»

ቲማ ቶሎ በሩን ተመለከተች። ምዜ ፋማው እጃቸውን አነሱ።

«ልጄ፣ ይህን ቃል እዚህ ቤት ውስጥ አትድገሚው።»

«ክርንዎን የበላው እሱ ነው እኮ፣ ምዜ። ያለ ተተኪ አንድ እጅ፣ ዕድሜ ልክ።»

«ይብላው። ስሜን ከሚበላ ክርኔን ይብላ።»

ወደ ቢቢ ሩካያ መሄድ ነበረብኝ፤ አህያዬ ማደሪያ ያስፈልጋታል። መንገድ ላይ አሰብኩ። ስለ ቲማ ከተናገርኩ ሐልዋ ቤቱ ፈረሰ። የሆነ ዓሣ ነባሪ ወይም የሆነ ጂኒ ልፍጠር ብል ደግሞ እኚህ ሴትዮ ውሸት ከአፌ ሳይወጣ ይሸታቸዋል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ልሞክር ብዬ ወሰንኩ፤ ሙሉውን ሳይሆን የሚበቃውን ያህል።

«ክርናቸውን አሟቸው ነው፣ ቢቢ። ጅማት ነው። በማማሰል ብዛት የመጣ ነው።»

ቡይቡያቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አደረጉ።

«ጅማት።»

«ጅማት፣ ቢቢ።»

«ጅማት የሌለው ማን አለ? እኔ ጅማት የለኝም? ዓሣ አጥማጁ ጅማት የለውም? ሼኩዌ፣ አንተን ከተወለድክ ጀምሮ አውቅሃለሁ፤ እንዲህ ያለ የማያምር ውሸት ዋሽተህ አታውቅም። ምን ያህል ቢሰጡህ ነው?»

«ወላሂ ቢቢ—»

«አትማል! ክንዱ ላይ የሚታሰር ነገር አለ ይባላል። በቀሚሱ እጅጌ ስር ጉብ ብሎ ቡኑ አይቶታል። ታስሯል ወይስ አልታሰረም?»

«ታስሯል፣ ግን—»

«በቃ። ራሴ እሄዳለሁ።»

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ወንበራቸውን በእኔ ራስ አሸክመው መጡ። ሐልዋ ቤቱ ውስጥ፣ ከሰታቴው ክንድ በማትርቅ ቦታ አስቀመጡት። ሌላ ዓይን አልፈልግም ብለው በሩን ገርበብ አስደረጉ። እኔን እሳት እንድለኩስ አስቀሩኝ። ውጪ ቡኑና የአግዳሚው ሰዎች ሁሉ ግድግዳው ስር ተደርድረዋል፤ ሲተነፍሱ ይሰማል።

«ጀምር፣ ፋማው» አሉ ቢቢ።

ምዜ ፋማው «ቢስሚላሂ» ብለው ማማሰያውን ያዙ። ቲማ ሄልና ቅቤ እያቀረበች ከግድግዳው ጋር ተለጥፋ ቆመች፤ ዓይኗ ከባሏ ክርን ላይ አይነቀልም። የቢቢ ዓይን ደግሞ ከቲማ ላይ አይነቀልም። እኔ የሁለቱንም ዓይን እያየሁ እንጨት እገፋለሁ።

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ውሃው፣ ስኳሩ፣ ዱቄቱ ቀጭን ነው፤ ማማሰያው ያንሸራሽራል። ያ የድሮው የቀዛፊ ድምፅ ተመለሰ። ውጪ አንዱ፣ «እሳቸው ናቸው! ራሳቸው ናቸው!» ሲል ሰማሁ። ቡኑም፣ «ቆይ እንጂ» አለ፤ ቡኑ የምሥራች አይወድም።

ከዚያ ሐልዋው መወፈር ጀመረ። ይህን ያላየ ሰው ሐልዋ ጣፋጭ ነገር ይመስለዋል። ሐልዋ ሲወፍር እንደ ጭቃ የተቀረቀረ ጀልባ ነው፤ አንተ ትጎትታለህ፣ እሱም ይጎትትሃል። የምዜ ፋማው ከንፈር ነጣ። ከጆሯቸው ስር ላብ ወረደ። ማማሰያው እያጠረ፣ እየዘገየ መጣ።

«ፊትህ ለምን ተለወጠ?» አሉ ቢቢ።

«እሳቱ ነው።»

«እሳቱ እኔም ፊት አለ። ቲማ፣ እጅጌውን ሰብስቢለት።»

«ቢቢ፣ አሁን እኮ—»

«ሰብስቢ አልኩ!»

ቲማ ሰበሰበች። ጥቁሩ ማሰሪያ ታየ። ቢቢ ሩካያ ከወንበራቸው ተነሱ፤ በዚያ ዕድሜያቸው እንዲያ ሲነሱ አይቼ አላውቅም።

«ይኸው! ለልጄ ሰርግ ክታብ አስረህ ታማስላለህ? የማንን ልብ ልታስርበት ነው?»

«ቢቢ፣ ክታብ አይደለም። የሐኪም—»

«ክታብ ካልሆነ ቢፈታ ምን ትሆናለህ?»

ቢቢ እጃቸውን ዘርግተው የማሰሪያውን ጫፍ ይዘው ሳቡት። «ጨርርርር» አለና ለቀቀ። ገልብጠው አዩት፣ አሸተቱት፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ፈለጉ። ጽሑፍ የለም። ሥር የለም። ፀጉር የለም። ጨርቅ ብቻ።

ያን ጊዜ ምዜ ፋማው አንድ ዙር ማማሰያውን ጎተቱ። ግማሽ ላይ ደርሰው ጮኹ። ጩኸቱ ትንሽ ነበር፤ ሲጥ እንደሚል በር። ጣቶቻቸው በየተራ ተከፈቱና ማማሰያው ሐልዋው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ቀረ። እንደገና ሊይዙት ሞከሩ፤ እጁ እንቢ አለ። ከሳቸው በላይ የፈራ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም።

«ቢቢ» አሉ፣ «እጄ አይጨብጥም።»

ሐልዋው ከታች «ጵስ» ማለት ጀመረ። ቲማ እጇን ሰደደች።

«እንዳትነኪው!» ጮኹ ቢቢ። «ሁለተኛ እጅ አይገባበትም! የልጄ ትዳር ነው!»

«ይቃጠላል፣ ቢቢ!»

«አትንኪው አልኩሽ!»

አራታችን ቆመን ማማሰያውን አየነው። ስኳር ሊያር ሲል የሚሸተውን ሽታ ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ ያማልላል፣ ቀጥሎ ያስለቅሳል። እንግዶቹ ከፓቴ ተነስተዋል፤ ጀልባቸው መንገድ ላይ ነው። ሙሽራዋ ሂና ተቀብታ ተቀምጣለች። ሌላ ስኳር ለማቅለጥ ጊዜ የለም። ያለ ሐልዋ የተዳረች ልጅ ስም ደግሞ ከዕዳ ይብሳል። ውጪ ቡኑ፣ «ምን ዝም አሉ? ምን ሆኑ?» ይላል።

ቢቢ ሩካያ ወደ ሰታቴው አዩ። ወደ ቲማ አዩ። ወደ እኔ ያዩት አስተያየት ግን እርጉዝ አህያ ያስወርዳል። ከዚያ ቡይቡያቸውን ወደ ትከሻቸው ወርውረው ማማሰያውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው ያዙ።

አንድ ጊዜ አዞሩ። ሁለተኛው ላይ፣ «ያ ረቢ!» አሉ። «ይህ ምንድነው? ከውስጥ የያዘው ሰው አለ እንዴ?»

«እንዲህ ነው የሚወፍረው፣ ቢቢ» አሉ ምዜ ፋማው ክርናቸውን አቅፈው።

«ይህን ሁልጊዜ፣ በአንድ እጅ?»

«በአንድ እጅ።»

ሴትዮዋ ጥርሳቸውን ነክሰው ደግመው አዞሩ። ክንዳቸው ሲዝል ቲማን ጠሩ። «ያዢ! ምን ታይኛለሽ? እኔ ከነካሁት በኋላ ምን ቀረ?» ቲማ ያዘች። አጭር አጭር፣ ፈጠን ፈጠን። ቢቢ ቆም ብለው ድምፁን ሰሙ፤ የቲማን አያያዝ፣ እግሯን እንዴት እንደተከለች አዩ። የገባቸው ነገር ፊታቸው ላይ ሲያልፍ አየሁት።

«አንቺ ዛሬ የጀመርሽ አትመስይም።»

ቲማ ሐልዋውን እንጂ ቢቢን አላየችም። ምዜ ፋማው መሬት መሬት አዩ።

ቢቢ ሩካያ ወደ በሩ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ ያን ሁሉ ቀን የጠሉትን ነገር በራሳቸው አፍ አዘዙ፦

«ሼኩዌ፣ በሩን ዝጋው። ደህና አድርገህ።»

ዘጋሁት። ሐልዋው ከሰታቴው እስኪላቀቅ ድረስ ማን ስንት ዙር እንዳማሰለ አልናገርም፤ እኔም ተራ እንደደረሰኝ አልናገርም።

ቢቢ ሲወጡ ቡኑ በሩ ላይ ተደቅኖ ነበር። «እንዴት ነው ቢቢ? ማነው ያማሰለው?»

«በዓይኔ አየሁ» አሉ ቢቢ ቡይቡያቸውን እያስተካከሉ። «ፋማው ማማሰያውን ሲይዝ አየሁ፣ ሐልዋውም ከሰታቴው ሲላቀቅ አየሁ። እንዲህ ያለ ሐልዋ በሩ ካልተዘጋ አይሠራም። ከእንግዲህ በሩን የሚነካ ከእኔ ጋር ነው።»

የዋሹት ነገር የለም፤ ቃል በቃል ፈትሼዋለሁ። ምዜ ፋማው ግድግዳውን ተደግፈው የቢቢን ጀርባ በጥርጣሬ ያዩ ነበር፤ ለምን እንዳዳኗቸው አልገባቸውም፣ በኋላ ምን እንደሚጠይቋቸውም አያውቁም። ቲማ ግን ማሰሪያውን ከመሬት አንስታ ክንዳቸው ላይ መልሳ ጠምጥማላቸው ነበር። «ከዛሬ ወዲያ ቀጭኑን አንተ፣ ወፍራሙን እኔ። ገውዙንም እኔ» አለቻቸው። ሊከራከሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ክርናቸውን አዩትና ዘጉት።

ከሰዓት በኋላ ሰርጉ ደመቀ። ወንዶቹ በግቢው ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ። ሐልዋው በየትሪው ዞረ፤ የፓቴ ሰዎች ጣታቸውን እየላሱ፣ «የአንድ እጅ ሐልዋ እንዲህ ነው፣ መልኩ ያስታውቃል» ይላሉ። ቡኑ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።

«ሼኩዌ፣ ጓደኛዬ አይደለህም? ውስጥ ነበርክ። አንድ ቃል ብቻ ንገረኝ።»

አፌን ከፈትኩ። በመጋረጃው ቀዳዳ የቢቢን ዓይን አየሁ። ወዲያው ከሴቶቹ በኩል አንድ ትሪ መጣ፤ «ለሼኩዌ ነው፣ ለብቻው» አለች ያመጣችው ልጅ። በላዩ ያለው ሐልዋ ጡብ ያህላል። ጎረስኩ። ሐልዋ ጥርስን ከጥርስ ያጣብቃል፤ ሰው ጎርሶ አይናገርም።

ዋጥኩና እንደገና አፌን ከፈትኩ። ሁለተኛ ትሪ መጣ።

«ለምንድነው ላንተ ብቻ የሚመጣው?» አለ ቡኑ ዓይኑን አጥብቦ።

ትከሻዬን ነቀነቅሁ፤ አኘክሁ።

ቡኑ አንዴ እኔን፣ አንዴ መጋረጃውን፣ አንዴ በእጁ የያዘውን ቁራጭ አየ። ከዚያ ቁራጩን ሳይቀምስ ቀስ ብሎ ትሪው ላይ መለሰው።

«ሼኩዌ ዝም ያለበት ሰርግ በሕይወቴ አላየሁም» አለ። «እዚህ ሐልዋ ውስጥ ምን ጨምረውበታል?»